ሁለተኛ የማትመለሱባት የአውሮፓ ከተማ የቷ ናት? እውነቱን ብቻ!

መንገደኛዋ | ዳላስ

ሰላም ናችሁ ወገኖች? በዚህ ሰመር እኔ፣ ባለቤቴና እናቴ አውሮፓን ትንሽ ለመዞር እያሰብን ነው። ዩቲዩብ ላይ የማየው ሁሉ ሙገሳ ነው። «ሳትሞቱ እዩት» ያልተባለ ድንጋይ የለም። እኔ የምፈልገው ተቃራኒውን ነው። ሄዳችሁ፣ አይታችሁ፣ «በቃኝ፣ ሁለተኛ እግሬን አላነሳም» ያላችሁባትን ከተማ ንገሩኝ። «ደበረችኝ» ብቻ አይበቃም። ምኗ እንደደበራችሁም ጻፉ።

ልጀምርላችሁ። የእኔዋ ቬኒስ ናት።

የሄድነው ጁላይ ላይ ነው። ከባቡር ጣቢያው ስትወጡ ውሃው እግራችሁ ስር ነው። ማዶ አረንጓዴ ጉልላት ያለው ቤተ ክርስቲያን ይታያል። አልዋሽም፣ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ከዚያ ሻንጣ መጎተት መጣ። መኪና የሚባል ነገር የለም። ድልድዩ ሁሉ ደረጃ ነው። አንዱን ወጥታችሁ ወርዳችሁ ትንሽ እልፍ ስትሉ ሌላው ይጠብቃችኋል። ቫፖሬቶ የሚሉት የሕዝብ ጀልባ ለአንድ ጉዞ 9.50 ዩሮ ይጠይቃል፤ ያውም የሰው ብብት ስር ተወሽቃችሁ። ቅዱስ ማርቆስ አደባባይ ስንደርስማ የበዓል ዋዜማ መርካቶ በሉት።

ያንገበገበኝ ግን ምሳው ነው። ስሙን አልጠራም። ሜኑው ላይ ዓሣው 9 ዩሮ ይላል። አስተናጋጁ ሳይጠበስ በሳህን ይዞ መጥቶ አሳየን። እሱ ፈገግ፣ እኛ ፈገግ። ሒሳቡ ሲመጣ ለካስ 9 ዩሮው የ100 ግራም ዋጋ ነው! ዓሣው ደግሞ ከኪሎ በላይ ነው። ከዋጋው ጎን በደቃቅ ፊደል ተጽፏል፤ ስለዚህ ክርክር የለም። በዚያ ላይ ለተቀመጥንበት ወንበር በነፍስ ወከፍ ሌላ ሒሳብ አለ፣ ኮፐርቶ ይሉታል። ባለቤቴ እስከ ዛሬ ዓሣ ባየ ቁጥር ይስቃል። እኔ አልስቅም።

እስቲ የእናንተን።

የሚላኖው | ሚላኖ

እህቴ፣ በዓሣው አዝኛለሁ። የሚያበሽቅ ነገር ነው፤ እዚህ አገር ዓሣ በኪሎ ሲሸጥ ከመጠበሱ በፊት «ሚዛኑ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ስለ ቬኒስ ግን አልስማማም።

የቬኒስ ችግር ቬኒስ አይደለችም። ሰዉ ሁሉ በጠዋት ባቡር ይገባል፣ ሪያልቶ ድልድይንና ቅዱስ ማርቆስ አደባባይን ያያል፣ ይጋፋል፣ በማታ ባቡር ይወጣል። ከተማዋም መረራት። ከአፕሪል 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሰው በሚበዛባቸው ቀናት ለቀን ጎብኚ 5 ዩሮ መግቢያ አደረገች። በ2025 እነዚህ ቀናት ወደ 54 ከፍ አሉ። ቀደም ብሎ ያልተመዘገበ ደግሞ 10 ዩሮ ይከፍላል። በኛ ሰዓት ከጠዋቱ 2፡30 እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ለሚገባ ነው ይሄ። እዚያው ለሚያድር ሰው ክፍያው የለም፤ ኢንተርኔት ላይ ማስመዝገብ ብቻ ነው። ትልልቆቹ የክሩዝ መርከቦችም ከኦገስት 2021 ጀምሮ መሀል ከተማውን አቋርጠው ማለፍ ተከልክለዋል።

የሚያሳዝነው ሌላው ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በደሴቷ ላይ 175 ሺህ ገደማ ሰው ይኖር ነበር። ዛሬ 50 ሺህ አይሞላም። ዳቦ ቤቱ ተዘግቶ የጭንብል ሱቅ ሆኗል። ፎቁ ለቱሪስት ይከራያል። የሚያስተናግድሽ ልጅ ራሱ ማታ ሜስትሬ ነው የሚያድረው፣ ከድልድዩ ማዶ።

እኔ ብሆን ኖቬምበር ላይ እሄዳለሁ። ደሴቷ ላይ አድራለሁ። ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ካናሬጆ ሰፈር ውጪ፤ ሰዉ ቦዩ ዳር ቆሞ ወይኑን ይዞ ያወራል። ባካሮ በሚሏቸው ትናንሽ ቡና ቤቶች ቆመሽ የምትበያት ቁራሽ ዳቦ በባካላ (የደረቀ ዓሣ) አለች። ለቆመ ሰው ኮፐርቶ የለም። ያንን ሳታይ ቬኒስን አየሁ አትበይ።

መንገደኛዋ | ዳላስ

@የሚላኖው ወንድሜ አንጀቴን በላኸው። ግን ደሴቷ ላይ የሚታደርበትን ዋጋ አይተኸዋል? ለዚያ ሒሳብ እናቴን ቦሌ ድረስ ቢዝነስ ክላስ አስቀምጣታለሁ።

አቦ ተወኝ | ፍራንክፈርት

ፓሪስ። በቃ። ፓሪስ።

ሰዎች ስለ ፍቅር ያወራሉ። እኔ ስለ ክር ላውራችሁ። ሞንማርት ኮረብታው ላይ ሳክሬ ኬር የሚባለው ነጭ ቤተ ክርስቲያን አለ። ደረጃው ስር ጎረምሶች ቆመዋል። አንዱ «ብራዘር! ከየት ነህ? አፍሪካ!» ብሎ ሰላምታ ይሰጥሃል። እጅህን ስትዘረጋ ጣትህን ይዞ ባለ ቀለም ክር ይጠመጥምበታል። እያወራህ፣ እየሳቀ፣ ሩጫና እግር ኳስ እየጠራ። በደቂቃ ውስጥ አምባር ሆኖ አንጓህ ላይ ተቋጥሯል። አይፈታም። ከዚያ «20 ዩሮ»። ጓደኞቹ ደግሞ ድንገት ከኋላህ ናቸው። መፍትሔው እጅን ኪስ ከትቶ ማለፍ ነው፤ ወይም በጎን ባለው ትንሽ ባቡር መውጣት።

ሌላው ቀለበት ነው። ሴን ወንዝ ዳር ስትሄድ ሴትየዋ ከፊትህ ጎንበስ ብላ የወርቅ ቀለበት ታነሳለች። «የአንተ ነው?» አይደለም። «እንግዲያው ውሰደው፣ ዕድልህ ነው» ትልሃለች። ከዚያ ለምሳ ትለምንሃለች። ቀለበቱ ነሐስ ነው። ሦስተኛው፣ ወረቀት ይዘው ለመስማት የተሳናቸው ሰዎች ፊርማ የሚያሰባስቡ መስለው የሚመጡት ልጃገረዶች። አንተ ስትፈርም ቦርሳህን ሌላዋ ትፈትሻለች።

ሙዚየሙስ? ሉቭር በ2024 ብቻ 8.7 ሚሊዮን ሰው ገብቶበታል። ግማሹ እኔ የሄድኩ ቀን የመጣ ነው የመሰለኝ። ሞና ሊዛ 77 በ53 ሴንቲ ሜትር ናት፣ ያውም ከመስታወት ጀርባ። የምታየው የሰው ስልክ ነው። አስቂኙ ነገር፣ ከእሷ ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ላይ የቃና ዘገሊላ ሰርግ ተሰቅሏል፤ ቬሮኔዜ የሣለው፣ ወርዱ 10 ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ በሙዚየሙ ካሉት ሥዕሎች ሁሉ ትልቁ። አዳራሹ ሙሉ ሰው ጀርባውን ሰጥቶታል። እሱን ደህና አድርጌ አየሁት፣ ማንም አልገፋኝም። ናፖሊዮን በ1797 ከቬኒስ ገዳም የዘረፈው ነው። @የሚላኖው ይመለስላችሁ በሉ እንጂ!

ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ደግሞ ከአውሮፓ ኅብረትና ከጥቂት ጎረቤቶቹ ውጭ ለሚመጣ ሰው መግቢያው 32 ዩሮ ሆኗል። ዳላሶች ተዘጋጁ።

ቡና ይፍላ | ኦስሎ

ያልጠረጠረ ተመነጠረ። 😂

የኔ አጭር ናት። ኮፐንሃገን ውስጥ «ትንሿ ዓሣ ልጅ» የሚሏት ሐውልት። በብርድ፣ በነፋስ፣ ወደብ ዳር ተጉዘን ደረስን። 1.25 ሜትር ናት። ከኋላዋ ፋብሪካ ይታያል። አንገቷን ሁለቴ ቆርጠው ወስደውባታል፣ በ1964ና በ1998። ከዚያ በላይ ታሪክ የላትም። ከተማዋ ግን ደስ ትላለች፤ የማልመለሰው ወደ ሐውልቷ ነው።

ብራስልስ ያለው የሚሸናው ልጅ ደግሞ ከእሷም ያንሳል። ቀጥሉ።

ሳቢ | ስቶክሆልም

ባርሴሎና ነው የኔ። ሌብነቱን ትቼዋለሁ፤ ራምብላ ጎዳና ላይ ስልክ በእጅ ይዞ መሄድ ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። እኔን የከበደኝ ሌላ ነው። ግድግዳው ላይ በትልቁ «ቱሪስት ወደ አገርህ ሂድ» ይላል። በጁላይ 2024 ሰልፈኞች ሬስቶራንት በረንዳ ላይ ምሳ የሚበሉ ቱሪስቶችን በውሃ ሽጉጥ ሲረጩ ዜና ላይ አይታችሁ ይሆናል። እኔ ከዚያ በኋላ ነው የሄድኩት። ማንም ምንም አላለኝም፣ ግን እንግድነቴ ተሰማኝ። ሰው በማይፈልገኝ ቤት ገንዘቤን ከፍዬ ለምን እገባለሁ?

ሳግራዳ ፋሚሊያ ውስጥ ግን ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በምዕራቡ መስኮት ስትገባ ዓምዶቹ ቀይና ብርቱካን ይሆናሉ። ጠዋት ከገባችሁ ሰማያዊና አረንጓዴ ነው። ትኬቱን ቀድሞ በኢንተርኔት መግዛት ግድ ነው። በ1882 የተጀመረ ሕንጻ ነው፤ ገና አላለቀም።

የሸገር ልጅ | አዲስ አበባ

ሳቢ፣ እኔ ደግሞ ሰዎቹን ተረዳኋቸው። ቤት ኪራይ ነው ነገሩ። አከራዩ ለአንድ ቤተሰብ በወር ከሚያከራየው ለቱሪስት በቀን ቢያከራየው እጥፍ ያገኛል። ነዋሪው ተገፍቶ ከከተማ ይወጣል። ለዚህ ነው ከንቲባው በኖቬምበር 2028 የቱሪስት አፓርታማ ፈቃድን በሙሉ አናድስም ያሉት፤ 10 ሺህ ገደማ ቤቶች ናቸው። ቦሌ ላይ በየዓመቱ ኪራይ ሲጨመርበት የኖረ ሰው ይህን አያጣውም። ውሃ መርጨቱ ግን ለምሳ በላተኛ ምን ይጨምርለታል? ሄዶ ማዘጋጃ ቤቱን ይርጭ።

ሳቢ | ስቶክሆልም

@የሸገር ልጅ እኔም ኪራዩን ተረድቻለሁ እኮ። ተረድቼ ነው የማልመለሰው። 🙂

ቀጠሮ ጠባቂ | አዲስ አበባ

እናንተ «አልመለስም» ስትሉ እኔ ከት ብዬ ሳቅሁ። አልመለስም ማለት ራሱ ቅንጦት ነው እኮ። እኛን «ትመለሳለህ ወይ?» ብሎ የሚጠይቀን ቆንስሉ ነው፤ እሱም የሚፈልገው መልስ «አዎ፣ ወደ አገሬ» የሚለውን ነው።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። በአፕሪል 2024 የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ለኢትዮጵያ ፓስፖርት የሼንገን ቪዛን አጠበቀ። ምክንያቱ፣ ከአውሮፓ የሚባረሩ ዜጎቿን አዲስ አበባ በደንብ አትቀበልም የሚል ነው። መልስ የሚሰጥበት ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ተራዘመ። ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛም እንዳይሰጥ ተወሰነ። በዚያው ዓመት ጁን ላይ ክፍያው ከ80 ዩሮ ወደ 90 ወጣ። ብትከለከል 90ው አይመለስም። የባንክ ስቴትመንት፣ የሥራ ደብዳቤ፣ የጋብቻ ማስረጃ፣ የጉዞ ኢንሹራንስ፣ የሆቴል ቦታ ማስያዣ... ፋይሉን ስይዝ ለመሥሪያ ቤት ጨረታ የምወዳደር ነበር የምመስለው።

ስለዚህ ሁለተኛ የማልመለስባት ቦታ ካላችሁኝ፣ ያቺ የቪዛ ማመልከቻ ቢሮ ናት። አዲስ አበባ ናት እንጂ አውሮፓ አይደለችም፤ ግን የጉዞው ግማሽ እዚያ ነው ያለቀው።

በርሊን ለሥልጠና ሄጄ ነበር። ቼክፖይንት ቻርሊ የሚሉትን አየሁ። የምሥራቅና የምዕራብ በር የነበረው። አሁን መንገዱ መሀል አንዲት ነጭ ጎጆ ቆማለች፤ እሷም ቅጂ ናት፣ የበፊቱ ዘብ ቤት ሌላ ሙዚየም ውስጥ ነው። በአሜሪካ ወታደር ልብስ ገንዘብ እየተቀበሉ ፎቶ የሚነሱ ሰዎች ነበሩ፣ በ2019 ከተማው አባረራቸው። ዙሪያው የበርገር ቤትና የማስታወሻ ዕቃ ሱቅ ነው። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ከዚያ ይልቅ በርናወር ሽትራሰ ሂዱ። እውነተኛው ግንብ አለ፣ ወታደሮቹ የሚጠብቁት ባዶ ቦታም እንዳለ ተቀምጧል፣ ከመስኮት እየዘለሉ ያመለጡበት መንገድም ያው ነው። በነጻ። እዚያ ብዙ ቆምኩ።

አቦ ተወኝ | ፍራንክፈርት

@ቀጠሮ ጠባቂ ወንድሜ ዝም አሰኘኸን። በርናወር ሽትራሰ ላይ ግን እስማማለሁ።

የድሮ ሰው | ቦሎኛ

ልጆቼ፣ ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ያ ከቬኒስ ተዘርፎ ሉቭር የተሰቀለው ሥዕል ነገር ነው ያነሳሳኝ።

እኔ ወጣት ሆኜ ሮም ነው የተማርኩት። ያኔ የአክሱም ሐውልት ፖርታ ካፔና አደባባይ ላይ ቆሞ ነበር፣ የፋኦ (የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት) ዋና መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት። ያ ሕንጻ ራሱ ሲጀመር የታሰበው ለፋሺስቱ የአፍሪካ ቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ነበር። ሐውልቱን በ1937 አምጥተው ተከሉት። በ1947ቱ የሰላም ውል ጣሊያን የዘረፈችውን ልትመልስ ፈረመች። እኔ ትምህርቴን ጨርሼ፣ ሥራ ይዤ፣ ጸጉሬ ሸብቶ፣ ሐውልቱ እዚያው ነበር። መኪናው በዙሪያው ይሽከረከራል፣ ጭስ ይጠጣል። የኛ ሰው እሑድ እሑድ ከስሩ ፎቶ ይነሣል፤ ለአገር ቤት የሚላክ። እኔ ግን አንድም ፎቶ የለኝም። መንገድ ቀይሬ ነበር የማልፈው። ከሮም ስወጣ ሁለተኛ አልረግጣትም ብዬ ነው የወጣሁት።

በ2005 በሦስት ተቆርጦ በአንቶኖቭ አውሮፕላን ተጫነ። 160 ቶን ገደማ ነው። በ2008 አክሱም ላይ ቆመ። ያን ጊዜ ሮም ሄድኩ፤ ባዶውን ቦታ ለማየት። ባለቤቴ «ባዶ ለማየት ባቡር የሚሳፈር አንተን አየሁ» አለችኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። ቴርሚኒ ጣቢያ የሚወርድ አበሻ ሁሉ ሻንጣውን እየጎተተ የሚያልፋት ትንሽ የግብፅ ሐውልት አለች። በጃንዋሪ 1887 ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ ለደመሰሷቸው ወታደሮች መታሰቢያ ናት። ከጣቢያው ፊት ያለው አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ» የሚባለውም በእነሱ ነው። ከአዲስ አበባ የተወሰደው የይሁዳ አንበሳ ከዚያች ሐውልት ስር ተቀምጦ ነበር። ዘርዓይ ደረስ በ1938 ጎራዴውን የመዘዘው እዚያ ነው። አንበሳው ኋላ ተመልሶ ዛሬ ለገሃር ፊት ለፊት የምታዩት ነው። አንድ ቀን ቆም ብላችሁ እዩዋት፤ ቀና ብሎ የሚያያት የለም። ከስሯ ሰካራም ይተኛል።

መንገደኛዋ | ዳላስ

ጋሼ፣ እድሜ ይስጥልን። እናቴን አጠገቤ አስቀምጬ አነበብኩላት። «ሮምን እንዳታስቀሪብኝ» ብላለች። ቫቲካን ውስጥ የኛ ቤተ ክርስቲያን አለ ሲባል ሰምታለች። እውነት ነው? መግባት ይቻላል?

የድሮ ሰው | ቦሎኛ

እውነት ነው ልጄ። ቅዱስ እስጢፋኖስ ዘሐበሻ ይባላል። ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ ነው። ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ለኢትዮጵያ መነኮሳትና ለተሳላሚዎች ማረፊያ ነበር። የመጀመሪያው የግዕዝ ሐዲስ ኪዳን የታተመው በዚያ በነበሩት በአባ ተስፋ ጽዮንና በባልደረቦቻቸው ድካም ነው፣ በ1548ና 49። ቦታው ግን ከቫቲካን ግንብ ውስጥ ስለሆነ እንደ ባዚሊካው ዝም ተብሎ አይገባም። አስቀድመሽ ፈቃድ ጠይቂ። ካልተገኘ ለእናትሽ ባዚሊካው ጉልላት ላይ ሆነሽ ከላይ ልታሳያት ትችያለሽ፤ ደረጃው ግን ብዙ ነው፣ እኩሌታው ድረስ አሳንሰር አለ።

የቆስጠንጢኖስን ቅስትም አትለፉ። አበበ ቢቂላ በ1960 በባዶ እግሩ የጨረሰው እዚያ ነው፣ በምሽት፣ በችቦ ብርሃን፣ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ። ለብቻው ተፈትልኮ የወጣው አክሱም ሐውልት አጠገብ ሲደርስ ነው ይባላል። ከቅስቱ ወደ ፖርታ ካፔና በእግር ቅርብ ነው፣ ለእናትሽም አይከብድም።

ኮሎሲየም ዙሪያ የሮማ ወታደር ለብሰው ፎቶ እንነሣ የሚሏችሁን እለፏቸው።

የሚላኖው | ሚላኖ

ጋሼ እርስዎ ከጻፉ በኋላ ስለ ኮፐርቶ ማውራት አሳፈረኝ።

ድሬ | ፕራግ

ነገሩን ወደ ገንዘብ ልመልሰው፤ አንድ ሰው እንኳ ከሸወዳ ከተረፈ ይበቃኛል።

ፕራግ እኖራለሁ። እንግዳ በመጣ ቁጥር አሮጌው አደባባይ ወስዳችሁ አሳዩኝ ይላል። እዚያ ግንብ ላይ የተሰቀለች ሰዓት አለች፣ ከ1410 ጀምሮ ያለች። በየሰዓቱ መስኮቷ ይከፈትና ሐዋርያቱ ይዞራሉ። ሰዉ ቀድሞ ተሰብስቦ ስልኩን ቀና አድርጎ ይጠብቃል። አንድ ደቂቃ አይሞላም። ሲያልቅ ሁሉም እርስ በርሱ ይተያያል፤ «ይኸው ነው?» እንደማለት። ያን ጊዜ ነው ኪስ አውላቂው ሥራውን የሚጨርሰው።

ዋናው ግን የገንዘብ መንዛሪ ሱቆቹ ናቸው። «ኮሚሽን 0» ይላል በትልቁ። ኮሚሽን የለም፤ ምንዛሬው ራሱ ነው የሚበላህ። ደህናው ዋጋ ለብዙ ሺህ ዩሮ መሆኑን ታች በደቃቁ ጽፈውታል። መቶ ዩሮ ይዞ የሄደ ምስኪን ግን ደህና ገንዘቡን ጥሎ ይወጣል። ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ከ2019 ጀምሮ ሕግ አለ። እስከ 1000 ዩሮ የሚደርስ ጥሬ ገንዘብ ከመነዘርክ በሦስት ሰዓት ውስጥ ተመልሰህ «ሰርዝልኝ» ማለት ትችላለህ። ደረሰኙን ያዝ። ግዴታቸው ነው፣ ምክንያት አትጠየቅም። አንድ ዘመዴን በዚህ አስመለስኩለት፤ ሰውየው ፊቱን አጥቁሮ ቆጥሮ ሰጠው።

በቱቦ ቅርጽ ተጠቅልሎ ስኳር የሚነሰነስበትን ዳቦም የጥንት የቼክ ባህላዊ ምግብ ነው ብለው ይሸጡላችኋል። ቼኮቹ ራሳቸው ይስቃሉ።

ታዲያ ካርል ድልድይን ሊነጋጋ ሲል ተሻገሩት። ባዶ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን እኔም አልመለስበትም።

ሐረገወይን | ቪየና

የኦስትሪያዋ ሀልሽታት! እንዴት ረሳችኋት? ተራራ፣ ሐይቅ፣ የእንጨት ቤቶች፣ የፖስታ ካርድ መልክ። ነዋሪዋ 800 አይሞላም፤ በሚበዛ ቀን እስከ 10 ሺህ ሰው ይገባባታል። በ2023 ነዋሪዎቹ ሴልፊ መነሻው ላይ የእንጨት አጥር ተከሉ፣ ሐይቁ እንዳይታይ። ኢንተርኔቱ ሲጮህ አነሱት። ቻይና ጓንግዶንግ ውስጥ ግልባጯን ገንብታለች፣ በ2012 ተመርቋል። ወደዚያኛዋ ሂዱ ባይ ነኝ። 😄

እውነቱን ለመናገር እኔን ያሳፈረኝ የሰው ግቢ በር ላይ «እባካችሁ ድምፅ ቀንሱ፣ ሰው ይኖርበታል» የሚለው ጽሑፍ ነው። በእንግሊዝኛና በቻይንኛም ጽፈውታል። አንዲት ባልቴት አልጋ ልብስ ስታራግፍ አሥር ሰው ፎቶ አነሣት።

ቤቲ | አቴንስ

ግሪክ የምትመጡ፣ ሳንቶሪኒን ከመርከብ ወርዳችሁ ለግማሽ ቀን እንዳታዩ። ከወደቡ ወደ ላይ በገመድ መኪና ነው፤ ሰልፉ ፀሐይ ላይ ነው። ወይ በእግር፣ ወይ በአህያ፤ በአህያዎቹ ግን እግዚአብሔርን ፍሩ። ከ2025 ጀምሮ በቀን ከ8 ሺህ በላይ የመርከብ መንገደኛ እንዳይወርድ ተወስኗል። በሰመር ለአንድ ሰው 20 ዩሮም አለበት። ኦያ ላይ ፀሐይ ስትጠልቅ ማየት የሚሉት ነገር የሰው ማጅራት ማየት ነው። ናክሶስ የምትባለው ደሴት ሂዱ፤ ባሕሩ ያው ነው፣ ድንቹና አይቡ ይሻላል።

አክሮፖሊስም በጁላይ እኩለ ቀን ላይ አይሆንም። ሙቀቱ ሲብስ መንግሥት ራሱ ለሰዓታት ይዘጋዋል፣ በ2023ና በ2024 ሆኗል። ጠዋት ሲከፈት ግቡ።

የሸገር ልጅ | አዲስ አበባ

ለንደንን ማንም አላነሳም። የኔዋ እሷ ናት። ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ገብቼ ከመቅደላ የተዘረፈውን የወርቅ ዘውድ አየሁት፣ 1868። ጥሩ መብራት አብርተውበታል። የብሪታንያ ሙዚየም ደግሞ ታቦቶቹን ለማንም አያሳይም፤ የራሱ ሠራተኞችም እንዳያዩዋቸው ቆልፎባቸዋል። ቅዱስነታቸውን አክብረን ነው ይላሉ። አክብረውስ ለምን አይመልሱም? ጋሼ መንገድ የቀየሩትን ነገር አሁን ገባኝ።

የድሮ ሰው | ቦሎኛ

@የሸገር ልጅ አይ ልጄ፣ አንተ ሂድ፣ ደጋግመህም ሂድ። ሐበሻ ሲገባና ሲጠይቅ ይየው። እኔ መንገድ በመቀየሬ የጠየቅሁት አንድም ሰው የለም፤ ሐውልቱን ያስመለሱት በየዓመቱ የጠየቁት ናቸው።

አስተባባሪ

ውይይቱ ጥሩ ነው፤ የሙዚየምና የቅርስ ነገር ለብቻው የውይይት ርዕስ ይገባዋል፣ ከፍቼላችኋለሁ። እዚህ ስለ ጉዞ ቀጥሉ።

ቡና ይፍላ | ኦስሎ

ስዊዘርላንድን አስገቡልኝ። ውበቷ አያከራክርም፣ ኪሴ ግን ይከራከራል። ዩንግፍራውዮኽ በባቡር ወጣን፣ 3,454 ሜትር። ከሁለት መቶ ፍራንክ በላይ ለአንድ ሰው። ላይ ስንደርስ ጉም። እጄን ዘርግቼ ጓንቴን አላየሁትም። ትኬት ከመግዛታችሁ በፊት የተራራውን ካሜራ በስልካችሁ ክፈቱ፣ በቀጥታ ያሳያል። ጉም ከሆነ ታች ቆዩ።

አዲስ አባል | ሊድስ

ሰላም፣ አዲስ ነኝ። ኦክቶበር ላይ ሊዝበን ልሄድ ነው። ትራም 28 ትሻላለች ወይስ ትቅር? ደግሞ ያቺ የተከሰከሰችው እሷ ናት እንዴ? እናቴ ሰምታ «እንዳትሳፈር» እያለችኝ ነው።

ሳቢ | ስቶክሆልም

አይደለችም። በሴፕቴምበር 2025 አደጋ የደረሰባትና 16 ሰው የሞተባት ግሎሪያ የምትባለው ሽቅብ በገመድ የምትጎተተው ናት። 28 ተራ የከተማ ትራም ናት፣ ሐዲድ ላይ በመብራት የምትሄድ። ለእናትህ እንዲህ ብለህ ንገራት።

ማርቲም ሞኒዝ ላይ ለመሳፈር እንዳትሞክር፤ ወረፋው ያስለቅሳል። በሌላው ጫፍ፣ ፕራዜረስ መካነ መቃብሩ በር ላይ ካለው መነሻ ያዛት። ጠዋት ከሆነ መስኮት ዳር ወንበር ታገኛለህ። ቦርሳህን ደረትህ ላይ አድርገው፣ አልፋማ ሰፈር ስትደርስ ውረድና በእግርህ ሂድ።